«የዓይን ቪታሚን ምን ጉዳት አለው?»

ነርሲንግ መማሬን የሰሙ ኢስት ፖይንት ያሉ ትልልቅ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። ከቦርሳቸው ጠርሙስ ያወጡና «ልጄ፣ ይሄ የዓይን ቪታሚን ጥሩ ነው?» ይሉኛል። ግማሾቹ ራሳቸው ይወስዱታል፣ ግማሾቹ ደግሞ አገር ቤት ላሉ እናትና አባታቸው ሊልኩት ገዝተውታል። «የጎንዮሽ ጉዳት አለው ወይ?» ብዬ መልሼ ስጠይቃቸው ይስቃሉ። «ቪታሚን ምን ጉዳት አለው? ምግብ አይደል እንዴ!»

ጉዳት አለው። ብዙ ሰው ላይ ቀላል ነው፣ አንዳንዱ ላይ ግን ቀላል አይደለም። ከዚያ በፊት ግን ጠርሙሱ የተሠራው ለየትኛው በሽታ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በሽታው የሌለበት ሰው ሲወስደው ጥቅሙ ይቀርበትና ጉዳቱ ብቻ ይደርሰዋል።

ቪታሚን ለዓይን ይጠቅማል የሚለው እምነታችን መሠረት አለው። ቪታሚን ኤ ያጠረው ልጅ ሲመሽ ማየት ያቅተዋል፤ ዳፍንት የምንለው ነው። እጥረቱ ከባሰ ዓይኑን እስከ ማሳወር ይደርሳል። ለዚህ ነው ኢትዮጵያ ውስጥ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናት በየ6 ወሩ የቪታሚን ኤ እንክብል የሚሰጣቸው፤ ከ6 እስከ 11 ወር ላሉት 100,000፣ ከ1 ዓመት በላይ ላሉት 200,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት። የእንክብሉ ጫፍ ይቆረጥና ፈሳሹ አፋቸው ውስጥ ይጠባል። ያ የጎደለውን መሙላት ነው፤ የሚሠራውም ለዚያ ነው። አትላንታ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ የተደረደረው ጠርሙስ ግን ከዳፍንት ጋር ግንኙነት የለውም።

የእሱ ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ ትልቅ ጥናት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የዓይን ኢንስቲትዩት ያካሄደው ይህ ጥናት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ። ስሙ በአምስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ያጥራል፤ ሲነበብ «ኤሬድስ» ይባላል። ጠርሙሶቹ ላይ በትልቁ ተጽፎ የምታዩት እሱ ነው። የተጠናው በሽታ በዕድሜ ምክንያት የሚመጣ የማኩላ መጎዳት ነው። ማኩላ ማለት ከዓይን በስተኋላ፣ ሬቲና መሃል ላይ ያለች ትንሽ ቦታ ናት፤ ስናነብ፣ የሰው ፊት ስንለይ፣ መርፌ ውስጥ ክር ስናስገባ የምንጠቀመው በሷ ነው። እሷ ስትጎዳ የምናየው ነገር መሃሉ ይደበዝዛል፣ ቀጥ ያለ መስመር ይወላገዳል።

ለጥናቱ የተሰጠው ቀመር በቀን 500 ሚሊ ግራም ቪታሚን ሲ፣ 400 ዩኒት ቪታሚን ኢ፣ 15 ሚሊ ግራም ቤታ ካሮቲን፣ 80 ሚሊ ግራም ዚንክ እና 2 ሚሊ ግራም ኮፐር ነበር። በሽታው መካከለኛ ደረጃ የደረሰባቸው፣ ወይም አንድ ዓይናቸው ክፉኛ የተጎዳ ሰዎች ላይ ጥቅም አሳየ። በ5 ዓመት ውስጥ ወደ ከባዱ ደረጃ የተሻገሩት ባዶ ክኒን ከወሰዱት መካከል ከ100 ሰው 28 ያህል ሲሆኑ፣ ሙሉውን ቀመር ከወሰዱት ግን 20 ያህል ነበሩ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የዓይን ሐኪም እንዲህ ላለ ታካሚ ቢያዝዘው ትክክል ነው። ነገር ግን የጠፋውን እይታ አልመለሰም። በሽታው ያልጀመራቸውን ወይም ገና መጀመሪያው ላይ ያሉትን እንደሚከላከልላቸው አልታየም። የዓይን ሞራ ላይም ያመጣው ለውጥ የለም።

እንግዲህ ይህንን ይዘን አገር ቤት ያሉት ወላጆቻችን ዓይን የሚታመመው በምን እንደሆነ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 ኢትዮጵያ ውስጥ አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት ተደርጎ ነበር። ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኘ። ከምክንያቶቹ ግማሽ ያህሉን የያዘው የዓይን ሞራ ነው፤ 49.9 በመቶ። ትራኮማ ያመጣው የብሌን ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ፣ የማኩላ መጎዳት ደግሞ 4.8 በመቶ ነበር። ከ20 ዓይነ ስውራን በአንዱ ላይ ላለው በሽታ የተሠራ ክኒን ነው እንግዲህ በሻንጣ እየጫንን የምንልከው። የዓይን ሞራ መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ነው፤ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይሠራል፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ይሠራል። ግላኮማ ደግሞ በየቀኑ ጠብታ ይፈልጋል፣ የጠፋው እይታም አይመለስም። አያት «ልጄ የላከችልኝን የአሜሪካ መድኃኒት እየወሰድኩ ነው» ብለው ሐኪም ቤት ሳይሄዱ አንድ ዓመት ከቆዩ፣ ለእኔ ከክኒኑ ጉዳት ሁሉ የሚብሰው ያ ዓመት ነው።

አሁን ወደ ጠርሙሱ ውስጥ እንግባ።

በብዛት ችግር የሚያመጣው ዚንክ ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን የተቀመጠው ከፍተኛ መጠን 40 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ቀመሩ ውስጥ ያለው 80 ነው፤ እጥፍ። ለማኩላ ሕመምተኛ ሐኪም አመዛዝኖ የሚያዝዘው መጠን ስለሆነ ነው እንዲህ የበዛው። ባዶ ሆድ ላይ ሲወሰድ ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ይተዋል። ዚንክ ሲበዛ ደግሞ አንጀት ኮፐር እንዳይቀበል ይከለክላል። ኮፐር ለረጅም ጊዜ ሲያጥር የደም ማነስ ያመጣል፣ ነርቭም ይጎዳል፤ እግርና እጅ ይደነዝዛል። ቀመሩ ውስጥ ኮፐር የተጨመረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ኮፐር የሌለበት፣ ዚንኩ ብቻ የበዛ «የዓይን ቪታሚን» ካያችሁ መልሱት።

ጥናቱ ላይ ዚንክ ከወሰዱት 7.5 በመቶዎቹ በሽንት ቧንቧና በተያያዙ ችግሮች ሆስፒታል ገብተዋል፤ ካልወሰዱት 4.9 በመቶ ናቸው። ሴቶች ላይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ወንዶች ላይ የፕሮስቴት ማበጥ ነበር ጎልቶ የታየው። እዚህ ላይ አንድ የተጠላለፈ ነገር አለ። ለሽንት ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ ከሚታዘዙት አንዱ ሲፕሮፍሎክሳሲን ነው፤ ሁላችንም «ሲፕሮ» የምንለው። ሲፕሮና ዚንክ ሆድ ውስጥ ከተገናኙ ይጣበቁና መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም አይገባም። ዶክሲሳይክሊንም እንደዚሁ ነው። አንቲባዮቲክ ሲታዘዝላችሁ የዓይን ቪታሚን እንደምትወስዱ ተናገሩ፤ ፋርማሲስቱ ሰዓቱን ያራርቅላችኋል፣ ወይም አንቲባዮቲኩ እስኪያልቅ ተዉት ይላችኋል።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። የእናቴ ጓደኛ፣ ኤርፖርት የሚሠሩ የ58 ዓመት ሴት፣ ለወራት ጠዋት ጠዋት እያቅለሸለሻቸው «ጨጓራዬ ተነሣ» ይሉ ነበር። ፈረቃቸው ሌሊት ስለሚጀምር ክኒናቸውን በባዶ ሆድ በቡና ነበር የሚወስዱት። አንድ ቅዳሜ ያላቸውን ጠርሙስ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድረን ጀርባቸውን አነበብን። የዓይኑ 80 ሚሊ ግራም ዚንክ አለው። መልቲ ቪታሚኑ 11 አለው። ለፀጉርና ለጥፍር የሚወስዱት 15 አለው። በጠቅላላው 106። «እኔ እኮ አራት የተለያየ ነገር የምወስድ መስሎኝ ነበር!» አሉ። የማኩላ ችግር እንዳለባቸው የነገራቸው ሐኪም የለም፤ ቪታሚኑን የጀመሩት ማታ ማታ ጽሑፍ ስለሚደበዝዝባቸው ነው። ፋርማሲስት አነጋገሩ፣ የዓይን ምርመራም አደረጉ። የመነጽራቸው ቁጥር ተቀይሮ ነበር።

ቤታ ካሮቲን ሌላው ነው፤ ይሄኛው ከሁሉም ይከብዳል። ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው እሱ ነው፣ ሰውነታችን ወደ ቪታሚን ኤ ይለውጠዋል። ከምግብ ሲገኝ ችግር የለበትም። በብዛት በክኒን ሲወሰድ ግን ቆዳን ቢጫ ያደርጋል፤ ይህ ያስደነግጥ እንጂ አይጎዳም። አደጋው ሲጋራ ለሚያጨስ ሰው ነው። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 ወንድ አጫሾች ላይ ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ጥናት፣ ቤታ ካሮቲን ከወሰዱት መካከል በሳንባ ካንሰር የተያዙት በ18 በመቶ በልጠው ተገኙ። ተመራማሪዎቹ ካንሰር ይቀንሳል ብለው ነበር የጀመሩት። አሜሪካ ውስጥ ተመሳሳይ ጥናት በ1996 ጉዳቱ ስለታየ ከጊዜው በፊት ተቋረጠ።

በዚህ ምክንያት ሁለተኛው የዓይን ጥናት ቤታ ካሮቲንን በሉቲንና በዚያዛንቲን ተካው፤ 10 ሚሊ ግራም ሉቲን፣ 2 ሚሊ ግራም ዚያዛንቲን። ውጤቱ በ2013 ሲወጣ፣ አዲሱ ቀመር ከአሮጌው አላነሰም። በአሮጌው ቤታ ካሮቲን ከወሰዱት 2 በመቶ ያህሉ የሳንባ ካንሰር ያዛቸው፤ ካልወሰዱት ግን 0.9 በመቶ ነው። ከታመሙት አብዛኞቹ ማጨስ ያቆሙ ሰዎች ነበሩ። ልብ በሉ፣ ያቆሙ! ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ከኤሬድስ ቀጥሎ «2» የሚል ቁጥር መኖሩን እዩ፣ ጀርባውንም አዙራችሁ ቤታ ካሮቲን አለመኖሩን አረጋግጡ።

ይህ ጥያቄ እኛ ዘንድ ለየት ያለ አስቸጋሪ ነገር አለው። ሐኪም «አጭሰው ያውቃሉ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያስተረጉመው ልጅ ከሆነ፣ ብዙ አባት «በጭራሽ» ነው የሚለው። በወታደርነት ጊዜ ወይም ረጅም መንገድ ሲነዱ አጭሰው ይሆናል፤ በልጃቸው ፊት ግን አይናገሩትም። አልፈርድባቸውም፣ እኔም ብሆን እናቴ ፊት የማልናገረው ብዙ ነገር አለ። መፍትሔው ልጅ አስተርጓሚ አለመሆኑ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ በነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ በሕግ ግዴታው ነው፤ በስልክም ቢሆን። ስትጠይቁ ውለታ እየለመናችሁ አይደለም።

ቪታሚን ኢ 400 ዩኒት ደምን የማቅጠን ባሕርይ አለው። ዋርፋሪን፣ ክሎፒዶግሬል ወይም በየቀኑ አስፕሪን የሚወስድ ሰው ላይ የመድማት አደጋን ሊጨምር ይችላል። ጥርስ ሲነቀል ወይም ቀዶ ሕክምና ሲቀጠር ይህን መናገር አይረሳ። አንዳንዱ የዓይን ምርት ደግሞ ጊንኮ የሚባል ቅጠል ይጨመርበታል፤ እሱም ከደም ማቅጠኛ ጋር አይስማማም። ሌላ የሚታወቅ ነገር አለ፦ ጤነኛ ወንዶች በየቀኑ 400 ዩኒት ቪታሚን ኢ ብቻውን የወሰዱበት ትልቅ ጥናት በ2011 ባወጣው ውጤት፣ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ ጨምሮ ታይቷል። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ወንዶች ለዚህ ካንሰር ከሌላው ይበልጥ የተጋለጡ ስለሆኑ፣ የማኩላ ችግር የሌለበት አባት ይህን በየቀኑ ሲውጥ ሳይ ዝም ማለት አልችልም።

ቪታሚን ሲን ሰው ሁሉ ይንቀዋል። ሲበዛ ተቅማጥ ያመጣል፣ የኩላሊት ጠጠር ያለባቸውን ወንዶች ጠጠር ሊያብስ ይችላል። የስኳር ሕመምተኞች ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ይበሉ። ክንድ ላይ የሚለጠፉ አንዳንድ የስኳር መለኪያዎች መመሪያቸው ላይ በቀን ከ500 ሚሊ ግራም በላይ ቪታሚን ሲ ንባቡን በሐሰት ከፍ ሊያደርገው እንደሚችል ይናገራሉ። የዓይኑ ክኒን ብቻውን 500 ነው። ጉንፋን ሲይዘን በውሃ የምናሟሟው ዱቄት ሲጨመርበት ገደቡ ያልፋል። መለኪያው 160 እያለ እውነተኛው ከዚያ ካነሰ፣ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሳያስፈልገው ይጨምራል፤ ስኳሩ ሲወርድም አያውቅም። የመሣሪያችሁን መመሪያ እዩ፤ መጠኑ ከመሣሪያ መሣሪያ ይለያያል።

ቪታሚን ኤ በኤሬድስ ቀመር ውስጥ በቀጥታ የለም። ነገር ግን «ለዓይን» ተብለው የሚሸጡ ሌሎች ምርቶች ውስጥ ሬቲኖል በሚል ስም ይገባል። ለአዋቂ የተቀመጠው ከፍተኛ መጠን በቀን 10,000 ዩኒት ነው። ለረጅም ጊዜ ሲበዛ ራስ ምታት፣ የቆዳ መድረቅና የፀጉር መነቃቀል ያመጣል፣ ጉበትም ይጎዳል። ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ደግሞ ፅንሱ ላይ የአካል ጉድለት ሊያመጣ ይችላል። እኛ ተማሪዎች «ኮምፒውተር ዓይኔን አደከመው» ብለን የምንገዛው እንዲህ ያለው ነው፤ ስለዚህ ይህ ለአያቶቻችን ብቻ የተጻፈ አይደለም።

ሉቲንና ዚያዛንቲን እስካሁን ብዙ ጉዳት ያልታየባቸው ናቸው። ጎመን ውስጥም በብዛት አሉ። ኢስት ፖይንት ደግሞ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ እዚህ ያሉ ጎረቤቶቻችን ጥቁር አሜሪካውያን ጎመን እንደኛው ስለሚወዱ የትኛውም ግሮሰሪ ውስጥ ትኩስ እስር ይገኛል። ሉቲን ዘይት ሲያገኝ ነው በደንብ የሚገባው፣ እኛ ደግሞ ጎመን ያለ ዘይት አንሠራም። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ግን ጎመኑን ድንገት ማብዛትም መተውም የለበትም፤ ጎመን ውስጥ ያለው ቪታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን ይብላ።

ስለ ጾም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት ክኒኑን በውሃ ከወሰደ ዚንኩ ባዶ ሆድ ያገኘዋል፣ ሉቲኑና ቪታሚን ኢው ደግሞ ቅባት ስለሌለ በከንቱ ያልፋሉ። ከመጀመሪያው ማዕድ ጋር ማድረግ ይሻላል። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ ከሆነ ፋርማሲስቱን አማክሩ። ሌላው፣ ብዙዎቹ ለስላሳ እንክብሎች ሽፋናቸው ጄላቲን ነው፤ ከከብት ወይም ከአሳማ የሚሠራ። ለጾመኛውም ለሙስሊሙም ይህ ጉዳይ ስለሆነ ጠርሙሱ ላይ ካልተጻፈ አምራቹን ደውሎ መጠየቅ ይቻላል። ጄላቲን የሌለው ደረቅ ክኒንም አለ።

«አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ስለሆነ መንግሥት አይቶታል» የሚለውን ብዙ እሰማለሁ። በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያሉ ምርቶች ከመሸጣቸው በፊት የኤፍ ዲ ኤ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። መሥሪያ ቤቱ እርምጃ የሚወስደው ችግር ከታየ በኋላ ነው። ጠርሙሱ ላይ በትንንሽ ፊደል ኤፍ ዲ ኤ እንዳልገመገመው፣ በሽታን ለማከም ወይም ለመከላከል እንዳልታሰበ የተጻፈው ለዚህ ነው። ከፊት ለፊቱ «የዓይንን ጤና ይደግፋል» ይላል፤ መደገፍ ማከም አይደለም፣ ኩባንያዎቹም ይህን በደንብ ያውቁታል። የገለልተኛ መርማሪ ማኅተም ያለበትን መምረጥ ጥሩ ነው፤ ማኅተሙ የሚነግራችሁ ግን የተጻፈው ነገር ውስጡ መኖሩን ነው፤ ለእናንተ መስማማቱን አይደለም።

በ2022 የኢስት ፖይንቱ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍሉን ዘግቷል፤ ሰው ከሐኪም ይልቅ መደርደሪያውን መጠየቁ አይገርመኝም። ቢሆንም ብሌን በጠብታ ተከፍቶ የሚደረግ ምርመራ ማኩላንም ግላኮማንም ሞራንም በአንድ ቀን ያሳያል። ቪታሚን ሊገዛላቸው ለታሰቡ ወላጆች መጀመሪያ ይህን አስደርጉላቸው፤ አገር ቤት ላሉትም የጠርሙሱን ዋጋ ለምርመራው ላኩላቸው። ሐኪሙ «መካከለኛ ደረጃ የማኩላ ችግር» ካለ፣ ያኔ ክኒኑ ቦታ አለው። ወደ ቀጠሮ ስትሄዱ በቤት ያለውን ጠርሙስ ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ዝርዝር ከመጻፍ ይቀላል።

ክኒኑን የጀመረ ሰው ጥቁር ሰገራ፣ የማይቆም ነስር፣ የእግር መደንዘዝ ወይም ሽንት ሲሸና ማቃጠል ካየ ያቁምና ወደ ሐኪም ይደውል። ልጅ ጠርሙሱን ከፍቶ ከዋጠ፣ ወይም አዋቂ በስህተት ደጋግሞ ከወሰደ፣ የመርዝ መረጃ ማዕከል ስልክ 1-800-222-1222 ነው። ሌት ተቀን ይሠራል፣ በነፃ ነው፣ አስተርጓሚም አለው፤ ስልኩ ሲነሣ «አምሃሪክ» ብላችሁ ጠብቁ።